የድሮ ፕሬዚዳንታዊ ንግግርን በኋላ ከሆነው ጋር ማስተያየት፦ ከድሬዳዋና ከሐረር ሆኖ የሚሠራ ዝርዝር መመሪያ

ድሬዳዋ ውስጥ በርጫ ላይ ፖለቲካ ከተነሳ ክርክሩ ቶሎ ይግላል። አንዱ «ያኔ ቃል ተገብቶ ምን ተሠራ?» ይላል። ሌላው «ባቡሩስ? ነጻ የንግድ ቀጠናውስ?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም የሚያወሩት ከትዝታቸው ነው። ትዝታ ደግሞ ወደምንወደው ወገን ያደላል። ንግግሩን አውጥቶ፣ ዓረፍተ ነገሩን እየጠቀሰ፣ ይህ ተፈጽሟል፣ ይህ ቀርቷል የሚል ሰው ግን ጥቂት ነው።

ይህ መመሪያ ያንን ሰው ለመሆን ለምትፈልጉ ነው። ስልክ፣ ደብተርና ትዕግሥት ይበቃል። አሥር ንግግር በጨረፍታ ከማየት አንዱን እስከ መጨረሻው መከታተል ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ እዚህ የምንሠራው በዋናነት በአንድ ንግግር ላይ ነው።

ከመጀመራችን በፊት፦ የሚናገረው ማን ነው?

በአሁኑ ሕገ መንግሥት ፕሬዚዳንቱ ርእሰ ብሔር ነው። የአስፈጻሚነት ሥልጣን በአንቀጽ 72 መሠረት የጠቅላይ ሚኒስትሩና የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። ፕሬዚዳንቱ ግን በየዓመቱ የሁለቱን ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ይከፍታል። ምክር ቤቱ ሥራ የሚጀምረው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ነው። በዚያ ቀን የሚነበበው ንግግር የመንግሥት የዓመቱ ዕቅድ ነው። ስለዚህ ዶክተር ነጋሶ፣ መቶ አለቃ ግርማ፣ ዶክተር ሙላቱ ወይም አምባሳደር ሳህለወርቅ ያነበቡትን ስትመዝኑ የምትመዝኑት መንግሥትን እንጂ አንባቢውን አይደለም። ፕሬዚዳንቱን «ዋሸ» ብሎ መውቀስም፣ ለተሠራው ሁሉ እሱን ማመስገንም ቦታውን ይስታል።

ከ1980 እስከ 1983 ዓ.ም. የነበረው ሁኔታ ሌላ ነው። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያም የሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊት ኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት ሳሉ ተናጋሪውም አዛዡም እሳቸው ነበሩ። የዚያን ዘመን ንግግር ስትመርጡ ይህን ልዩነት በደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉት።

1. ንግግሩን ምረጡ

ቢያንስ አምስት ዓመት ያለፈው ይሁን። የአምናውን ከመረጣችሁ «ገና እየተሠራ ነው» የሚለው መልስ ሁሉን ነገር ይሸፍነዋል።

ለጀማሪ የምመክረው መስከረም 30 ቀን 2009 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ሙላቱ ተሾመ ያደረጉትን ነው። ጊዜው ከባድ ነበር። አገሪቱ ውስጥ ተቃውሞ በርትቶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ይፋ የሆነው ከንግግሩ አንድ ቀን በፊት ነው። አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር የተመረቀው ደግሞ ከአምስት ቀን በፊት፣ መስከረም 25 ነው። በዚያ ንግግር ውስጥ ሁለት ጥርት ያሉ ቃሎች ነበሩ። አንደኛው 10 ቢሊዮን ብር ለወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ መመደቡ ነው። ሁለተኛው የምርጫ ሕጉ ተሻሽሎ አነስተኛ ድምፅ ያገኙ ፓርቲዎችም በምክር ቤት የሚወከሉበት መንገድ እንደሚመቻች ነው። ሁለቱም ዛሬ ሊፈተሹ ይችላሉ።

2. ሙሉውን ቃል በእጃችሁ አስገቡ

የዜና ማጠቃለያ አይበቃም። ዜና «ይቋቋማል» ብሎ ይጽፋል። ንግግሩ ውስጥ ግን «ከክልሎች ጋር በመተባበር፣ ደረጃ በደረጃ» የሚል ሐረግ ሊኖር ይችላል። ያ ሐረግ ፍርዱን ይለውጠዋል። ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ የሚዞረው ቁራጭ ቪዲዮ ደግሞ ከዜናም የባሰ ነው፤ ከፊቱና ከኋላው የተባለው ተቆርጧል።

ለቅርብ ዓመታት የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ሙሉ ቅጂ ዩቲዩብ ላይ ይገኛል። ለቆዩት ግን አዲስ ዘመንን ፈልጉ። ንግግሩ ሰኞ ከሆነ የማክሰኞውንና የረቡዕውን እትም ጠይቁ። የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት፣ ድሬዳዋም ሐረማያም፣ የቆዩ ጋዜጦች ይኖሯቸው እንደሆነ ሄዶ መጠየቅ ጥሩ መነሻ ነው። አዲስ አበባ ዘመድ ካላችሁ ወደ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት) ላኩት። ቪዲዮ ብቻ ካገኛችሁ የምትመረምሩትን ክፍል በእጃችሁ ገልብጡና ደቂቃውን አጠገቡ ጻፉ። አድካሚ ነው። በኋላ ክርክር ሲነሳ የሚያድናችሁ ግን ይህ ነው።

3. ቃል የሆነውን ካልሆነው ለዩ

በንግግሩ ላይ በሦስት ቀለም አስምሩ። አንደኛው ቀለም ለተሠራ ሥራ ሪፖርት ነው፤ «ተመርቋል»፣ «አድጓል» ለሚለው። ሁለተኛው ለሚለካ ቃል ነው፤ ቁጥር፣ ጊዜ ወይም የሚታይ ነገር ላለው። ሦስተኛው ለምኞት ነው፤ «ልዩ ትኩረት ይሰጠዋል»፣ «የተጠናከረ ጥረት ይደረጋል» ለሚሉት።

ሦስተኛው ቀለም ከሁሉ በላይ ሊበዛ ይችላል። አትናደዱ፣ በእሱ ላይም ጊዜ አታጥፉ። «ጥረት ይደረጋል» ለተባለ ነገር አልተጠረም ብሎ ማስረዳት አይቻልም። ደብተር ውስጥ የሚገባው ሁለተኛው ቀለም ብቻ ነው። አንደኛው ቀለም፣ ማለትም ያለፈው ዓመት ሪፖርት፣ ለሌላ ሥራ ይጠቅማል። በቀደመው ዓመት ከተነበበው ዕቅድ ጋር አስተያዩት። ባለፈው ንግግር በጉልህ የነበረ ነገር በዚህኛው ጭራሽ ካልተነሳ ምልክት አድርጉበት። ብዙ ጊዜ የቀረ ሥራ የሚታወቀው ስሙ ከንግግር ሲጠፋ ነው።

4. ውጤቱን ከማየታችሁ በፊት መለኪያውን ጻፉ

የሥራው ልብ እዚህ ነው። ሐረር ውስጥ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ የሚሠራ ልብስ ሰፊ መጀመሪያ ይለካል፣ ከዚያ ይቆርጣል። እኛ ግን ስለ መንግሥት ስናወራ መጀመሪያ እንቆርጥና መለኪያውን ከቆረጥነው ጋር እናስማማዋለን። የምንደግፈው ከሆነ «ሕጉ መውጣቱ በራሱ ትልቅ ነገር ነው» እንላለን። የምንቃወመው ከሆነ «ሕግ ምን ያደርጋል፣ እጃችን ላይ ምን ገባ?» እንላለን።

መፍትሔው ለእያንዳንዱ ቃል ሦስት ጥያቄ አስቀድሞ መጻፍ ነው። በወረቀት ምን መውጣት አለበት? ምን ገንዘብ ወይም ግንባታ መታየት አለበት? በሰው ኑሮ ምን መለወጥ አለበት? ለወጣቶች ፈንድ እንዲህ ይሆናል፦ አዋጅ ወጣ ወይ? ገንዘቡ ተለቀቀ ወይ? ተበዳሪው ሥራ ይዞ ብድሩን እየመለሰ ነው ወይ? ከጻፋችሁ በኋላ ቀን አስፍሩበትና አትንኩት። ውጤቱን ካያችሁ በኋላ መለኪያ መቀየር ካሻችሁ የድሮውን ሳትሰርዙ አዲሱን ከነምክንያቱ ከሥሩ ጻፉ።

5. ዘመኑንና ቁጥሩን አስተካክሉ

ንግግሩ በመስከረም መጨረሻ ይደረጋል፤ የበጀት ዓመቱ ግን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። ስለዚህ ንግግሩ ሲነበብ ዓመቱ ሦስት ወር ሊሞላው ነው። «በዚህ ዓመት» የተባለው ሊሠራ የቀረው ጊዜ ዘጠኝ ወር ገደማ ብቻ ነው ማለት ነው። የውጭ ምንጭ ስታዩ ደግሞ በእኛ ዓመተ ምሕረት ላይ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ጨምሩ።

ብር ላይ ተጠንቀቁ። 10 ቢሊዮን ብር ሲነገር አንድ ዶላር 22 ብር ገደማ ነበር። ያ ወደ 450 ሚሊዮን ዶላር ይሆናል። ዓመቱ እንደተጠናቀቀ፣ በ2010 መጀመሪያ ላይ፣ ብር በ15 በመቶ እንዲዳከም ተደረገ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደግሞ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ። የብሩ መጠን ሳይቀነስ የሚገዛው ነገር ሊቀንስ ይችላል። «ቃል የተገባው ብር ሙሉ በሙሉ ተሰጥቷል» ማለትና «በዚያ ብር ሊሠራ የታሰበው ተሠርቷል» ማለት የተለያዩ ፍርዶች ናቸው።

የሕዝብ ቁጥርም ያስቸግራል። መጨረሻ የተቆጠርነው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ ድሬዳዋ 341,834፣ ሐረሪ ክልል 183,415 ሰው ነበራቸው። ሕገ መንግሥቱ በየአሥር ዓመቱ ይቆጠር ይላል፤ ቆጠራው ግን ደጋግሞ ተራዘመ። ስለዚህ «ይህን ያህል በመቶ ነዋሪ ውሃ አገኘ» የሚል ቁጥር ስታዩ አካፋዩ ግምት መሆኑን አጠገቡ ጻፉ።

6. ውጤቱን ፈልጉ፣ በሦስቱም ደረጃ

መጀመሪያ ነጋሪት ጋዜጣን እዩ። የወጣቶች ፈንድ እዚህ አልፏል፤ አዋጅ ቁጥር 995/2009 በዚያው ዓመት ወጥቷል። በወረቀት ደረጃ ቃሉ ተጠብቋል። ለገንዘቡ ደረጃ የዋና ኦዲተርን ሪፖርትና የምክር ቤቱን ቋሚ ኮሚቴዎች ጥያቄና መልስ ተከታተሉ። እዚያ የሚወጣው ነገር ከመሥሪያ ቤቶች የራሳቸው መግለጫ ይልቅ ይታመናል፤ ጠያቂው ሌላ ነውና። ሦስተኛው ደረጃ ሰፈር ውስጥ ነው። ሳቢያን ወይም ገንደ ቆሬ ያኔ ተደራጅተው የተበደሩ ልጆች ካሉ ሄዳችሁ ጠይቋቸው።

የምርጫ ሕጉ ታሪክ ረዘም ይላል። እኔን ከሁሉ በላይ ያስተማረኝም እሱ ነው። ከንግግሩ በኋላ ኢሕአዴግና ሌሎች ፓርቲዎች ለድርድር ተቀመጡ። ወደ ቅይጥ ትይዩ የምርጫ ሥርዓት (ከፊሉ ወንበር በአብላጫ ድምፅ፣ ከፊሉ በፓርቲው የድምፅ ድርሻ የሚሞላበት) የሚወስድ ስምምነት ላይም ደረሱ። እዚህ ላይ ብታቆሙ «በመፈጸም ላይ» ብላችሁ ትጽፉ ነበር። ከዚያ በ2010 የመንግሥት አመራር ተለወጠ። ነሐሴ 2011 ላይ የጸደቀው አዋጅ ቁጥር 1162/2011 የአብላጫ ድምፅ ሥርዓቱን እንዳለ አቆየው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ራሱ አብላጫ ድምፅ ስለሚል ለውጡ ከመጀመሪያውም ቀላል አልነበረም። ሰኔ 14 ቀን 2013 የተካሄደው ምርጫ በዚያው በነባሩ ሥርዓት ነበር። በወረቀት ደረጃ ቃሉ አልተፈጸመም።

የቃሉ ዓላማ ግን ምን ነበር? የተለያየ ድምፅ ወደ ምክር ቤት እንዲገባ ነው። በ2007 ምርጫ 547ቱንም ወንበር ኢሕአዴግና አጋሮቹ ወሰዱት። በ2013 ውጤቱ መጀመሪያ ሲገለጽ ብልጽግና ከ436 ወንበር 410 አገኘ። ጥቂት ተቃዋሚዎችና የግል ተወዳዳሪዎች ገቡ። የገቡት ቃል በተገባው የሕግ ለውጥ አይደለም። ስለዚህ ደብተሩ ላይ ሁለት መስመር ያስፈልጋል፦ «መንገዱ አልተሠራም»፣ «ዓላማው በጥቂቱ ተነቃነቀ»። ሁለቱን አንድ ላይ አድርጎ አንድ ምልክት መስጠት እውነቱን ያበላሻል።

ባቡሩም ሌላ ነገር ያሳያል። ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው መስመር በእኛ በኩል መስከረም 25 ቀን 2009 ተመረቀ። መደበኛ የንግድ አገልግሎት የጀመረው ግን ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ነው። በመካከሉ 15 ወር አለ። «ተመርቋል» የሚለውን ብቻ የያዘ ሰው 2009 ይላል፤ ትኬት ቆርጦ የሄደ ሰው 2010 ይላል። ሁለቱንም ቀን ጻፉ። ለማንኛውም ግንባታ የመሠረት ድንጋይ፣ የምረቃና የአገልግሎት ቀን የተለያዩ ዓምዶች ይሁኑ። ዕቅዱንም አትርሱ። የመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ከ2003 እስከ 2007 ባለው ጊዜ 2,395 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ይሠራል ብሎ ነበር። የእኛ መስመር የዚያ ትልቅ ቁጥር አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ እሱም ዘግይቶ የደረሰ። ድሬዳዋ በባቡር የተወለደች ከተማ ናት። እዚህ ቆሞ ባቡሩን ብቻ ያየ ሰው ዕቅዱ ሁሉ የተሳካ ሊመስለው ይችላል።

በግድቡ ላይ ደግሞ ቁጥሩ ራሱ ሲንቀሳቀስ ታያላችሁ። መጋቢት 24 ቀን 2003 የመሠረት ድንጋዩ ሲጣል 5,250 ሜጋ ዋት ተባለ። ቀጥሎ 6,000፣ ከዚያ 6,450 ሆነ። መጨረሻ ላይ 5,150 ሆኖ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ። መለኪያችሁ መጀመሪያ የተባለው ቁጥር ይሁን። የኋላውን ከነቀኑ ጨምሩበት እንጂ አትተኩት።

ሦስተኛውን ደረጃ፣ የሰው ኑሮን፣ ለማየት ከሐረር ውሃ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ሐረር ከሐረማያ ሐይቅ ትጠጣ ነበር፤ ሐይቁ ደረቀ። በምትኩ ከድሬዳዋ አቅራቢያ ከሐሰሊሶ ውሃ ተስቦ እንዲመጣ ተደረገ። መስመሩ ተዘርግቷል፤ ይህ የማይካድ ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ድሬ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር ደግሞ ከ1,800 ሜትር በላይ። ውሃው ሽቅብ የሚወጣው በፓምፕ ነው። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ ፓምፑ ሲቆም ጀጎል ውስጥ ቧንቧው ይደርቃል። «ፕሮጀክቱ ተጠናቀቀ» የሚለው ሪፖርት እውነት ነው። ጀሪካን ይዛ የምትጠብቀው እናት ብሶትም እውነት ነው። መለኪያችሁ «በሳምንት ስንት ቀን ውሃ ይመጣል?» ከሆነ ሁለቱንም ትይዛላችሁ።

7. ሰው ስትጠይቁ

«መንግሥት ቃሉን ጠብቋል ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ። የምታገኙት የሰውዬውን የፖለቲካ አቋም ነው። ይልቅ «በ2009 ውሃ በየስንት ቀኑ ይመጣ ነበር? አሁንስ?» በሉ። «ልጅዎ ያኔ የት ይሠራ ነበር?» በሉ። ዓመተ ምሕረት የሚረሱ ሽማግሌዎችን በክስተት ጠይቋቸው፦ ከደቻቱ ጎርፍ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ጎርፉ በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ስለነበር ድሬ ላይ የነበረ ሰው አይረሳውም። ስማቸውን ካልፈቀዱ አትጻፉ።

8. ለምን እንደሆነ መርምሩ

ቃሉ ካልተፈጸመ አራት ምክንያት ሊኖር ይችላል፦ አልተሞከረም፤ ተሞክሮ አልተሳካም፤ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር መጣ፤ ወይም ዕቅዱ ሆን ተብሎ ተቀየረ። ለነሐሴ 23 ቀን 2012 ተቀጥሮ የነበረው ምርጫ በኮሮና ምክንያት ተራዘመ። ይህ ሦስተኛው ነው። ሰኔ 14 ቀን 2013 አብዛኛው አገር ሲመርጥ ሐረሪ ግን አልመረጠም፤ በድምፅ መስጫ ወረቀት ችግር ወደ መስከረም 20 ቀን 2014 ተላለፈ። ይህን በኮሮና ማሳበብ አይቻልም። አንድ ምርጫ፣ ሁለት የተለያየ ምክንያት። የድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነሐሴ 8 ቀን 2014 ነጻ የንግድ ቀጠና ሆኖ መመረቁ ደግሞ አራተኛው ነው። «ቀረ»ም «ተሳካ»ም አትበሉት። «ተቀየረ» ብላችሁ አዲሱን ዓላማ በአዲስ መስመር ክፈቱ።

ከንግግሩ በኋላ የሆነው ሁሉ በንግግሩ ምክንያት የሆነ አይደለም። የዚህ ተቃራኒም አለ። የካቲት 26 ቀን 1982 ፕሬዚዳንት መንግሥቱ ቅይጥ ኢኮኖሚ አወጁ። ገበሬው የአምራቾች ማኅበራትን (የጋራ እርሻዎቹን) ለማፍረስ የመንግሥትን መመሪያ ቁጭ ብሎ አልጠበቀም። በጥቂት ወራት ውስጥ ማኅበራቱ ፈረሱ፣ በመንደር ምሥረታ የተሰበሰበውም ሕዝብ ወደ ቀድሞ ቦታው መመለስ ጀመረ። ሐረርጌ መንደር ምሥረታው ቀድሞና በስፋት ከደረሰባቸው ክፍለ ሀገሮች አንዷ ስለነበረች ይህን ያዩ ሰዎች ዛሬም በየወረዳው አሉ። ፕሬዚዳንቱ ግንቦት 13 ቀን 1983 አገር ለቀው ወጡ። እዚህ ንግግሩ ተፈጸመ ብንል ፈጻሚው ገበሬው ነው። ስለዚህ በደብተሩ ላይ «ማን አደረገው?» የሚል ዓምድ አይቅር።

9. ፍርዱን ጻፉና ለተቃራኒው ሰው ስጡት

አምስት ቃል ይበቃችኋል፦ ተፈጽሟል፣ ዘግይቶ ተፈጽሟል፣ በከፊል፣ ተቀይሯል፣ አልተፈጸመም። ለወረቀቱ፣ ለገንዘቡና ለኑሮው ለየብቻ ስጡ። ማስረጃ ላጣችሁበት ቦታውን ባዶ ተዉት፤ በግምት አትሙሉት። መቶኛ ማውጣትን እኔ አልወደውም። አንድ አዳራሽ መሥራትና የምርጫ ሥርዓት መለወጥ እኩል አንድ አንድ ነጥብ ሲሰጣቸው ውጤቱ ትርጉም ያጣል።

ከዚያ ለሰው ከማጋራታችሁ በፊት ከእናንተ በተቃራኒ ለሚያስብ አንድ ሰው አንብቡለት። የሚሰብረው መስመር ካለ ማስረጃውን ይዞ እንዲመጣ ጠይቁት። «አቦ፣ ይሄ ልክ አይደለም» ካለና ማስረጃ ካመጣ አስተካክሉ። ቴሌግራም ላይ ስታወጡት የንግግሩን ዓረፍተ ነገር ሙሉውን አስቀድሙ፣ መለኪያውን አስከትሉ፣ ፍርዱ መጨረሻ ላይ ይምጣ።

የሚቀጥለው የመስከረም መጨረሻ ሰኞ ሲደርስም አዲስ ገጽ ይዛችሁ ቴሌቪዥን ፊት ተቀመጡ። የሚለኩትን ቃሎች እየሰማችሁ ጻፉ፣ ሦስቱን ጥያቄዎች በዚያው ምሽት አስፍሩ። የመጀመሪያውን ምርመራ ዓመቱ ከተዘጋ በኋላ፣ ሁለተኛውን ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ሦስተኛውን ከአምስት ዓመት በኋላ አድርጉ። ቀኖቹን አሁኑኑ በስልካችሁ ካላንደር ላይ መዝግቧቸው።